ሞዴል ኤ ፎርድ ፈልጎ መግዛትና አድሶ መንዳት

የቆየ የአሜሪካ መኪና ማደስ ለሚያምራችሁ ሁሉ ምክሬ አጭር ነው፤ ፎርድ ሞዴል ኤ ግዙ። ለፎርድ አድልቼ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከወጡት መኪኖች መካከል፣ ዛሬም ከበር ማጠፊያ እስከ ሙሉ ራዲያተር ድረስ አዲስ ዕቃ እየተመረተ በካታሎግ የሚሸጥለት እሱ ስለሆነ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1927 ለሕዝብ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ በአራት ዓመት ገደማ ወደ 4.8 ሚሊዮን ተመረተ። ብዙ ስለተመረተ ብዙ ተረፈ፤ ብዙ ስለተረፈም ዕቃ መሥራቱ ለነጋዴ አዋጭ ሆነ።

ተፎካካሪዎቹ መጥፎ ነበሩ ማለት አይደለም። የ1929 ሸቭሮሌ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ሞዴል ኤ ግን አራት ብቻ አለው። በ1928 የወጣው ፕሊማውዝ ገና ከጅምሩ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ነበረው፤ ሞዴል ኤን የሚያቆመው የብረት ዘንግ ነው። ይሁንና የሸቭሮሌው አካል ላሜራ የለበሰ የእንጨት አጽም ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ መካኒክ ምንም አይፈይድላችሁም፤ የሚያስፈልገው አናጺ ነው፣ ያውም አራት በር እኩል ገጥሞ እንዲዘጋ ማድረግ የሚችል። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

የትኛውን አካል፣ የትኛውን ዓመት

ጣሪያው የሚታጠፈው ሮድስተርና ባለ ሁለት ሰው ኩፕ ውድ ናቸው፤ ሆት ሮድ (የድሮ መኪናን ለፍጥነት የመቀየር ሥራ) የሚሠሩ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲሻሟቸው ኖረዋል። ባለ ሁለት በሩ ቱዶር በዘመኑ በብዛት የተሸጠው ነው፤ ቤተሰብ ይጭናል፣ ዋጋውም ይቀላል። ባለ አራት በሩ ፎርዶር አካሉን ብሪግስና መሪ የሚባሉ ኩባንያዎች ስለሠሩት ከቱዶር የበለጠ እንጨት አለበት። የእኔ ምርጫ ቱዶር ነው።

ዓመቱን ከሩቅ መለየት ትችላላችሁ። የ1928 እና የ1929 ቸርኬ 21 ኢንች ነው፣ የራዲያተሩ ክፈፍም በኒኬል የተለበጠ ነው። የ1930 እና የ1931 ቸርኬ ወደ 19 ኢንች ዝቅ ብሏል፣ ክፈፉም የማይዝግ ብረት ሆኗል። ሻጩ "የ1929 ነው" እያላችሁ የምታዩት ቸርኬ 19 ኢንች ከሆነ፣ መኪናው ከሁለት ሦስት መኪና ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላልና ጠይቁ። ተገጣጠመ ማለት አይረባም ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

የት ይፈለጋል

ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ግን ጥሩዎቹ ማስታወቂያ ሳይወጣባቸው ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፉት። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ልጆቻቸውም መኪናውን የማይፈልጉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰዎቹ ወዳሉበት ሂዱ። ሞዴል ኤ ፎርድ ክለብ ኦፍ አሜሪካና ሞዴል ኤ ሪስቶረርስ ክለብ የሚባሉ ሁለት አገር አቀፍ ማኅበራት አሉ፤ በየግዛቱም ቅርንጫፍ አላቸው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላለን ሰዎች የጆርጅ ዋሽንግተን ቅርንጫፍ ቅርብ ነው። ስብሰባቸው ላይ ስትቀርቡ "የሚሸጥ አላችሁ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ሥራ አግዙ፣ ጠይቁ፣ ቡና ጠጡ። መኪናውን አርባ ዓመት የያዘ ሰው ከገንዘቡ እኩል ማን እጅ እንደሚገባ ያስጨንቀዋል።

ሁለተኛው ቦታ ኸርሺ ነው፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለችው የቸኮሌት ከተማ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የአሜሪካ ጥንታዊ መኪኖች ማኅበር ታላቅ ገበያ ይቆማል፤ ዕቃውም መኪናውም እዚያው ይሸጣል። ከዲሲ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ዕቃውን መልሶ መጫን የሰለቸው ሻጭ ዋጋ ይቀንሳል።

የአየር ንብረት ነገርም አለ። አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ደረቅ ናቸው፤ ላሜራው ይተርፋል፣ የወንበሩ ጨርቅ ግን በፀሐይ ይቃጠላል። በምሥራቁ በኩል ወለሉ አፈር የሆነ ጎተራ ውስጥ የቆየ መኪና ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ለማስጫን የሚወጣው ገንዘብ ከብየዳ ሂሳብ ያንሳል።

ልታዩት ስትሄዱ

ባትሪ መብራት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔትና ቆሻሻ የማይፈራ ልብስ ያዙ። አመልካች ጣታችሁ ወዲያው ወደ ሞተሩ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ ሞተር የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ወረቀት። በሞዴል ኤ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ቁጥር ነው። በሞተሩ ግራ ጎን፣ ውሃ ከሚገባበት በላይ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በኤ ፊደል ጀምሮ ዳርና ዳር ኮከብ ተመቶበት ታገኙታላችሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ ያው ቁጥር በግራው ሻንሲ (አካሉ የሚያርፍበት የብረት መሠረት) ላይ ተመትቷል፤ ነገር ግን አካሉ ስለሚሸፍነው አካሉ ካልተነሳ አይታይም። በዘጠና ምናምን ዓመት ውስጥ ሞተር መቀየሩ የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ታይትሉ ከሻጩ ስም ውጭ ከሆነ ወይም ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ በምትኖሩበት ግዛት የመንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ ቢሮ ጠይቁ። "በኋላ እናስተካክለዋለን" የሚል ሻጭ፣ ቀላል ቢሆን ኖሮ ራሱ ባስተካከለው ነበር።

ቀጥሎ ጣሪያ። በዚያ ዘመን ሰፊ ላሜራ በአንድ ጊዜ የሚያትም ማሽን ስላልነበረ የጣሪያው መሃል ጨርቅ ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ ሙሉ የብረት ጣሪያ ይዞ የመጣው ለ1935 ሞዴሎቹ ነው። ጨርቁ ሲቀደድ ውሃው የጣሪያውን እንጨት ያበሰብሳል፣ በምሰሶዎቹ ውስጥ ወርዶም ታችኛውን ላሜራ ይበላል። ስለዚህ ጣሪያው ከተቀደደ ሥሩን ሳታዩ እንኳ ምን እንደሚጠብቃችሁ ታውቃላችሁ። የበሮቹን ግርጌ፣ የኋላውን ጎንና አካሉ ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ረጃጅም ብረቶች በማግኔቱ ፈትሹ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ) አለ። በሮቹን ከፍታችሁ ዝጉ፤ ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ አካሉ ተንጋዷል።

ከዚያ የጎደለውን ቁጠሩ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ከጎደለ ዕቃ ይሻላል። የተሰበረው መጠኑንና አገጣጠሙን ያሳያችኋል፤ የጎደለው ግን ስንት ብሎን እንደነበረው እንኳ አይነግራችሁም። "ሁሉም ካርቶን ውስጥ አለ" ሲባሉ ካርቶኑን አስፈትታችሁ እዩ። ተፈታትቶ የቆመ መኪና ከነዝገቱ ግን እንዳለ ከቆመው መኪና በእጅጉ መርከስ አለበት።

ሞተሩ 3.3 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ቢነቅ፣ ማለትም ፒስቶኖቹ ተጣብቀው አልዞር ቢል እንኳ አያስደንግጣችሁ። ማየት ያለባችሁ ብሎኩ ውርጭ መትቶት መሰንጠቁን ነው።

ሂሳብ ላይ ደግሞ እንዳትሞኙ፤ ተሠርቶ ያለቀ ቱዶር በአብዛኛው ለማደሻ ከሚወጣው በታች ይሸጣል። ለትርፍ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ቤት ከገባ በኋላ

አትበታትኑት። በዚህ ሥራ መኪና የሚሞተው በዝገት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ለአሥር ዓመት ጋራዥ ውስጥ በሚቀረው ካርቶንም ነው። መጀመሪያ እንዲቆም፣ ቀጥሎ እንዲነሳ፣ ከዚያ እንዲሄድ አድርጉ፤ ቀለም የመጨረሻው ነው። የምትፈቱትን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ብሎኑን ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በየከረጢቱ አኑሩ።

1. ፍሬን

አራቱንም ጎማ አንስታችሁ በካቫሌቶ (ባለ እግር የብረት ድጋፍ) ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ) ስታወጡ ውስጡ ያለው አቧራ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በአየር አትንፉት፤ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት፣ ጭምብልም አድርጉ። የፋብሪካው ታምቡር 11 ኢንች ዲያሜትር ያለው፣ ከላሜራ የታተመ ነው፤ ሲግል ይለጠጣል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ከካስት አይረን የተሠራ አዲስ ታምቡርና አዲስ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመው) አስገቡ። ከዚህ መኪና ላይ ሳልቆጥብ የማወጣበት ቦታ ይህ ነው።

ዘንጎቹ የሚገናኙባቸው ፒኖችና ቀዳዳዎች ካለቁ ስታስተካክሉ ብትውሉም አይዝም፤ ቀድማችሁ ቀይሯቸው። ከዚያ በወንበሩና በፔዳሉ መካከል እንጨት ወትፉ፣ ፔዳሉን ጥቂት ጥቂት ወደታች እየጫናችሁ ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ። የኋላዎቹ ሁለቱ ቀድመው፣ እኩል መያዝ መጀመር አለባቸው፤ የፊቶቹ ትንሽ ቆይተው። አንዱ ከጓደኛው ከቀደመ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ባለው አራት ማዕዘን ራስ ማስተካከያ ላሉት። ይህን ግማሽ ቀን ብትሠሩት መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

2. ነዳጅ

የነዳጅ ታንኩ ከመስታወቱ ሥር፣ ከጉልበታችሁ ፊት ነው ያለው። ፓምፕ የለም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ያለው ዝገት ሁሉ ቀጥታ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላይ ይወርዳል። አውጡት፣ አሳጥቡት፤ ቀዳዳ ካለው ቤንዚን ይዞ በነበረ ታንክ ላይ ብየዳ አታስጠጉ፣ ባዶ ቢሆንም እንኳ። በአብዛኞቹ ላይ የነዳጁ መዝጊያ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው (በ1931 አጋማሽ ገደማ ወደ ሞተሩ ክፍል ወጥቷል)። መኪናው በቆመ ቁጥር ዝጉት፤ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ ካልዘጋ ሙሉው ቤንዚን ጋራዡ ወለል ላይ ያድራል።

3. ኤሌክትሪክ

6 ቮልት ነው፣ ደግሞም ሻንሲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ለዛሬ መኪና የለመደ እጅ ገልብጦ ያስረዋል፤ ሁለቴ እዩ። ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ ካሰራችሁ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ያንቀላፋል፣ እናንተም ባትሪ ትለዋውጣላችሁ። ወፍራም ገመድ ግዙ፣ የሻንሲውን ማሰሪያም እስኪያበራ ፈግፍጉት። ሞዴል ኤ ከፋብሪካ ፊውዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ከሞተሪኖው አጠገብ አንድ ፊውዝ ማስገባት ርካሽ መድን ነው። የድሮ ሽቦው ሽፋን ከተፈረፈረ አትጠጋግኑት፤ ተሠርቶ የተዘጋጀ ሙሉ ሽቦ ይሸጣል።

4. የነቀ ሞተር

አራቱን ካንዴላ አውጡ። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ በየሲሊንደሩ አፍስሱና ተዉት። በቀን በቀን ጨምሩበት። በገመድ አስጎትታችሁ ለማላቀቅ እንዳትሞክሩ። ከማዞራችሁ በፊት ደግሞ በቀኝ ጎን ያለውን የባልቮላ (ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ) ክፍል ሽፋን ፍቱ። ባልቮላ ተጣብቆ ሳለ ካምሻፍቱ (ባልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ቢዞር፣ ከፋብሪካ የመጣው የካምሻፍት ጊር ከብረት ያልተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ይላጫል። የተጣበቀውን በዘይት አላሉ፣ በቀስታ ወደላይና ወደታች አንቀሳቅሱ። ከዚያ ማኖቬላውን (ሞተሩን ከፊት በእጅ የሚያዞረውን ዘንግ) በእጅ ወዲህና ወዲያ ወዝውዙ። ጥቂት ሚሊሜትር ከሄደ አሸንፋችኋል።

ሲላቀቅ ወዲያው አታስነሱት። የዘይት ቋቱን አውርዱ፤ ከሥሩ እንደ ጭቃ የረጋ ዘይት ታገኛላችሁ። ይህ ሳይጸዳ ዘመናዊ ዘይት ብትሞሉበት ጭቃውን አሟሙቶ የዘይቱን መንገድ ይደፍነዋል። ወርዶ ሳለ የቢየላዎቹን (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኙትን ክንዶች) ክዳን ፍታችሁ ውስጣቸውን እዩ። ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘው እንደ ዛሬው የሚቀየር ኩሽኔታ ሳይሆን ባቢት የሚባል፣ ቀልጦ የሚፈስ ለስላሳ ነጭ ብረት ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ቁራጩ ከወደቀ፣ ባቢት የሚያፈስ ልዩ ባለሙያ ጋ ይላካል፤ ወጪውም ወረፋውም ከባድ ነው። ከዳነ ክፍተቱን በየክዳኑ ሥር ባሉት ቀጫጭን ሺሞች ታስተካክላላችሁ። ዘይቱ 5 ኳርት፣ ማለትም ወደ 4.7 ሊትር ነው።

5. ታይሚንግ

አዲስ አበባ ላይ ላዳ ታክሲ የሠራ መካኒክ በአካባቢያችሁ ካለ ጥሩት፤ በኮምፒውተር ብቻ ከተማረው ወጣት ይልቅ ፑንቲና (እየተከፈተ ብልጭታ የሚያስነሳው)፣ ቦቢና (ኮይል) እና ካርቡራተር የሱ ሙያ ናቸው።

ታይሚንግ ማለት ብልጭታው በትክክለኛው ጊዜ እንዲመጣ ማድረግ ነው። በመጀመሪያ የፑንቲናውን ክፍተት 0.020 ኢንች፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አድርጉ። ከሞተሩ ፊት፣ በታይሚንግ ጊሩ ሽፋን ላይ አንድ ፒን ገብቶ አለ። ፍቱት፣ ገልብጡት፣ ክብ ጫፉን ወደ ውስጥ አግቡና በጣት ገፋ አድርጋችሁ ያዙት። ሌላ ሰው ማኖቬላውን በዝግታ ያዙር። ፒኑ ጊሩ ላይ ሲንሸራተት ይቆይና በድንገት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይወድቃል። ያኔ አንደኛው ፒስቶን ከላይ ደርሷል፤ ጉድጓዷ ያለችው የካምሻፍቱ ጊር ላይ ስለሆነ የኮምፕሬሽኑ ዙር መሆኑን መጠራጠር አያስፈልግም። ከመሪው በስተግራ ያለውን የብልጭታ ማንሻ (ብልጭታውን የሚያስቀድምና የሚያዘገይ) እስከ መጨረሻው ወደላይ ግፉ። በዲስትሪቢውተሩ መሃል ያለውን ብሎን አላልታችሁ፣ ሮተሩ አንደኛውን ሲሊንደር እያየ ፑንቲናው ሊከፈት ሲል አጥብቁት። የተኩሱ ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው። ፒኑን አውጥታችሁ እንደነበረ ሳትመልሱ ሞተሪኖ አትንኩ።

6. ማስነሳት

ራዲያተሩን ሙሉ፣ ነዳጁን ክፈቱ። የብልጭታ ማንሻው ወደላይ፤ በስተቀኝ ያለው የነዳጅ ማንሻ ሦስት አራት ጥርስ ወደታች። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የቾክ (አየር እየቀነሰ ቤንዚኑን የሚያበዛ) ዘንግ አንድ ዙር ወደ ግራ ፍቱት፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ቾኩን ስባችሁ ሞተሪኖውን በእግር ርገጡ፤ ሁለቴ ከዞረ በኋላ ቾኩን ልቀቁ። ሲነሳ የብልጭታ ማንሻውን እስከ ግማሽ አውርዱ፤ ሲሞቅ የፈታችሁትን ዘንግ ሩብ ዙር ብቻ እስኪቀር መልሳችሁ ዝጉ። ያኔ ሚኒሞው (ቆሞ ሲሠራ ያለው ዙር) ቀስ ብሎ፣ እኩል ይመታል።

በማኖቬላ የምታስነሱ ከሆነ የብልጭታ ማንሻው ወደላይ መሆኑን ሳታዩ እጃችሁን አታቅርቡ። አውራ ጣታችሁም ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። መልሶ ከመታ የእጅ አንጓ ይሰብራል።

አካልና ቀለም

ዝገት የበላው ትንንሽ ዕቃ በኤሌክትሮሊሲስ በደንብ ይጸዳል፤ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና የባትሪ ቻርጀር ይበቃል። ዕቃው ኔጋቲቩ ላይ፣ የሚጣል ተራ ብረት ፖዘቲቩ ላይ ይታሰር። የማይዝግ ብረት ፖዘቲቩ ላይ አታስሩ፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ ሃይድሮጅን ይወጣል።

የድሮው ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ፣ ልጆችንም አርቁ። ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መሸፈኛዎቹ) በጊዜው የአካሉ ቀለም ምንም ቢሆን ጥቁር ነበሩ። ለ1929 መኪና ክፈፉን ክሮም አታስለብጡ፤ ኒኬል ትንሽ ቢጫ ያለበት ለስላሳ ብርሃን አለው፣ ክሮሙ የቧንቧ ዕቃ ያስመስለዋል። የድሮው ቀለም ደህና ከሆነ ደግሞ ባትነኩት እመርጣለሁ። የፊቱ መስታወት ገና ከፋብሪካ የማይበተን ነበር፤ የጎኖቹ ተራ ከሆኑ ግን በማይበተን አስቀይሯቸው። የወንበር ጨርቅ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ ይሸጣል።

የመጀመሪያው ጉዞ

ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ይችላል፤ አጠቃቀሙ ግን ገደብ አለበት። መድኑን በተስማማችሁበት ዋጋ የሚከፍል አድርጉት።

ካምቢዮው ሦስት ማርሽ ነው፣ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ፍሪሲዮን ሁለቴ ትረግጣላችሁ። ሲሄድ በሰዓት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ደስ ይለዋል። ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ አታውጡት፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ሾፌር የእናንተ ፍሬን ዘንግ መሆኑን አያውቅም።

ሰፈር ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱና አራቱን ታምቡር በእጅ ዳስሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ካቃጠለ ፍሬኑ ሳይለቅ እየተጎተተ ነው። በብሎኩና በቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ቀይራችሁ ከሆነ የቴስታታውን 14 ዳዶዎች ደግማችሁ በ55 ፉት ፓውንድ አጥብቁ። የኋላውን ሀብ የሚይዙትን ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች ግን በክንድ ስሜት አትመኑ፤ ቢያንስ 100 ፉት ፓውንድ ይፈልጋሉ። ከላሉ በውስጥ ያለው ቺያቬታ (ሀቡንና አክሱሉን የሚያያይዘው ትንሽ ብረት) ይቆረጣል፣ አክሱሉም አብሮ ይበላል። አጥብቃችሁ የመቆለፊያ ፒኑን አስገቡ፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ኋላ አታላሉት፣ ወደፊት ጨምራችሁ አጥብቁት።